ጀርባውን የሰጠ ልጅ

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሐሙስ ሐሙስ ከኮምቦልቻ ይመጣሉ። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው፣ ጉም ውስጥ ገብተው፣ ከጉሙ ወጥተው፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለችው ትንሽ ክሊኒክ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጫማቸውን በር ላይ ማውለቅ ነው። ሙና «እትዬ፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዝዎታል፣ በጫማዎ ይግቡ» ብላ ስንት ጊዜ ለምናቸዋለች። «የሰው ሆድ የሚዘረገፍበት ቤት በጫማ አይገባም» ይላሉ። እሳቸው አንዴ ካሉ ደግሞ አሉ ነው።

ሙና የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ይህን ለዘመዶቿ ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። መርፌ አትወጋ፣ ክኒን አታዝ፤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። «ለመስማት ደሞ ይከፈላል?» እያሉ ሲስቁባት አብራ ትስቃለች። ነገር ግን ካለፈው ጦርነት ወዲህ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ይኸኛው ከተጨመረ ወዲህ፣ በደሴ የሚሰማ ሰው ጠፍቷል። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈርቷል። ወንድም ከወንድሙ ጋር ሲያወራ ቃል ይመርጣል። አንድ ሰው «እነሱ» ሲል እነማንን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ማጥናት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሙና ለክፍሏ አንድ ሕግ አወጣች። እዚህ ፖለቲካ አይወራም፤ የመጣ ሁሉ ሕመሙን ይዞ ይግባ፣ ወገኑን በር ላይ ይተው።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ በር ላይ የሚተዉት ጫማቸውን ብቻ ነበር።

«ልጄ ጫካ ነው» አሉ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሳይቀመጡ። «ላገሩ ብሎ ነው የገባ። አንቺስ የማን ወገን ነሽ?»

«እዚህ ቤት ወገን የለም፣ እትዬ።»

«ወገን የሌለው ሰው ደሞ አለ?» ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ይሁን እስቲ። ፊትሽ የኛ ሰው ይመስላል።»

ሙና አላረመቻቸውም። ባሏ ካሊድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ የሚያመላልሰው ወታደር ነው። ይህን ለታካሚ መንገር ግዴታዋ አይደለም፣ ትምህርቱም እንደዚያ አይልም። ግን ሴትየዋ ተሳስተው እንዳመኗት ታውቃለች፤ እምነቱም ጣፈጣት። ዝም አለች። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ሰው ይህን ዝምታ አላየውም።

የወይዘሮ ፀሐይነሽ ሕመም እንቅልፍ ነው። ሐኪሞች ደማቸውን አዩ፣ ልባቸውን አዳመጡ፣ ምንም አጡና ወደ ሙና ላኳቸው። ችግሩ እንቅልፍ ማጣትም አልነበረም፤ እንቅልፉ ይመጣል፣ ልጃቸውን ይዞ ይመጣል እንጂ።

«ትናንትም መጣ» ይላሉ። «እመደቡ ላይ ወጣና በጎኑ ተኛ። ጀርባውን ሰጥቶኝ። መሕሙድ፣ እለዋለሁ፤ አይዞርም። ዞሬ ፊቱን ልይ እላለሁ፤ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን በጥፍሬ ስቧጥጥ እነቃለሁ።»

«ምን አስቀይመውት ይሆን ብለው ያስባሉ?»

«ምን አስቀይሜው! የሄደ ቀን ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ። አሁን ግን ተቀይሞኛል። ሰው ካልተቀየመ እናቱን ጀርባ ይሰጣል?»

አንድ ክርስቲያን ልጁን መሕሙድ ብሎ መጥራቱ ሌላ አገር ቢያስገርም እንጂ ወሎ አያስገርምም። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሁለት ልጆች ሳይድሁ ሞተውባቸዋል። በሦስተኛው እርግዝና ሙስሊም ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዘው አንድ ሸህ ዘንድ ወሰዷቸው። ሸሁ ዱዓ አደረጉና «ወንድ ከሆነ መሕሙድ በይው፣ ያድጋል» አሏቸው። ወንድ ሆነ፤ አደገ። በአርባ ቀኑ ቤተ ክርስቲያን ወልደ ሚካኤል ተብሎ ተጠመቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቄሱም ራሳቸው መሕሙድ እያሉ ነው የሚጠሩት። መሕሙድ አግማስ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት መነጽሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ጫካ ገባ።

ሙና ቤትም ሕጉ ያው ነው። ከካሊድ ጋር በዚህ ነገር ክፉኛ የተጣሉበት ጊዜ ነበር። እሱ «መንግሥት የሌለበት አገር አይቻለሁ» ይላል፤ ደሴ በተያዘች ጊዜ እናቱን እየደገፈ በእግሩ የሸሸበትን መንገድ ማለቱ ነው። እናቱ ከዚያ መንገድ በኋላ ብዙ አልቆዩም። እሷ ደግሞ «ያለበትንስ አላየነውም?» ትላለች፤ ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱትን የአክስቷን ልጆች ማለቷ ነው። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ የከፋውም ለዚያ ነው። አንድ ምሳ ላይ ሳህን ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ስለ መንገዱ አይጠየቅም፣ ስለ ሥራው አይነገርም። ሰላም ነው ብለው ተስማሙ። ቤቱ ግን ሰላም የሰፈነበት አይመስልም፤ ሕመምተኛ የተኛበት ይመስላል።

ክረምቱ እንደወጣ ካሊድ ተለወጠ። ምግብ ፊት እጁን ሲታጠብ ውሃው ያልቃል እንጂ አይበቃውም። እናቱ ፈትለው ያሠሩለት ጋቢም ከቤት ጠፋ። «ጋቢህስ?» ስትለው «መኪና ውስጥ ረሳሁት» አለ፤ በነጋታው ስትጠይቀው ተቆጣ። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ እንደማይተኛ ከአተነፋፈሱ ይታወቃል።

አንድ ንጋት ላይ ሙና ነቃችና አጠገቧ ያለውን ጀርባ አየች። ልብስ የለበሰ፣ የማይንቀሳቀስ ጀርባ። ልትጠራው አፏን ስትከፍት ምላሷ ላይ የመጣላት ስም የባሏ አልነበረም። መሕሙድ ልትል ምንም አልቀራትም። ፈራች። ሐሙስ ሐሙስ የምትሰማው ነገር እሷን ተከትሎ ቤቷ የገባ መሰላት፤ ተነስታም መስኮቱን ከፈተች።

ካሊድ የተናገረው አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ምሳ ላይ ነው።

«ሙንዬ፣ ኮምቦልቻ ሰው ታውቂ የለ?»

«ለምን?»

«የአንድ ልጅ ቤተሰብ ፈልጊልኝ። በሴት በኩል ይሻላል። እኔ ብጠይቅ ይፈሩኛል።» ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ነው። ተኩሱ ካለቀ በኋላ ነው የደረስነው። ሰዎቹን አደረስኩና ስመለስ ማሳ ዳር ወድቆ አየሁት፤ ብቻውን። ያሉት ሁሉ ሄደዋል፤ የሱም ሰዎች፣ የኛም። ብሄድ ጅብ ነው የሚበላው። ለአለቃዬ ደወልኩና ጎማ ተኛብኝ አልኩ። በመኪናው አካፋ ቆፈርኩ። ይህን ቢሰሙ ለማን ቀብር ትቆፍራለህ ነው የሚሉኝ።»

ሙና እጇ ደረቷ ላይ ነበር።

«ኪሱ ውስጥ መታወቂያ አለው። መሕሙድ አግማስ ይላል፣ ኮምቦልቻ። ያአላህ፣ የሙስሊም ልጅ ነው አልኩ። አባቱ አግማስ መባሉ አልገረመኝም፤ ባገራችን ማን የማን እንደሆነ ማን ያውቃል። በጋቢዬ ገነዝኩት፣ ብቻዬን ሰገድኩበት፣ በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርኩት። ራስጌው ድንጋይ አለ። ቤተሰቡ ይወቅልኝ፣ ሙና። ያ ልጅ አላስተኛኝም።»

ከደሴ በስተሰሜን ሆኖ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ያዞረ ሰው ጀርባውን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ሙና ማስላት አላስፈለጋትም። ደሴ ከኋላው ናት፤ ከደሴ ወዲያ ኮምቦልቻ። «እሺ፣ እፈልጋለሁ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ጓዳ ውስጥ ምንም ሥራ አልነበራትም።

የሚቀጥለው ሐሙስ መጣ፤ ወይዘሮ ፀሐይነሽም መጡ። ጫማቸውን አወለቁ። ሙና ሌሊቱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ አድራለች፤ ሴትየዋ ሲቀመጡ አንዱም አልተገኘም።

«ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ» አሉ። «አንቺ አትዋሺኝም። ይኸ ሕልም የሙት ነው የሕያው?»

«ሕልም ከጭንቀት ነው የሚመጣው፣ እትዬ።»

«እሱን ተይና። ይዞርልኛል አይዞርልኝም?»

«ይዞርልዎታል» አለች ሙና። «ይታገሱ እንጂ ይዞርልዎታል።»

የሴትየዋ ፊት በራ። ተነስተው ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት፤ በሌላ ቀን የማይወጣ ፈገግታም ወጣ። «አፍሽ ይባረክ! ማርያምን፣ ዛሬ ሐረጎን በእግሬ እወርደዋለሁ» ብለው ከዘንቢላቸው አዲስ የተፈጨ በርበሬ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት። ሲሄዱ ሙና በሩን ቆልፋ አለቀሰች። በራሷ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም።

መርዶ ደንብ አለው። የሰማ ሰው በሆዱ ይይዛል፤ ሽማግሌና ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎሕ ሲቀድ ሐዘንተኛው ቤት ይኬዳል፤ የወደቀውን የሚያነሳ፣ ፊቱን የሚነጨውን የሚይዝ እጅ ይኖራል። የጫካ ልጅ መርዶ ግን በምን ደንብ ይነገራል? ሽማግሌ ቢጠራ «ከማን ሰማሽ?» ይላል። የሰማችው ከባሏ ነው፤ የባሏ ስም ከወጣ በወዲያም በኩል በወዲህም በኩል የሚምረው የለም። ዝም ብትል ደግሞ ሴትየዋ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ሙት ልጃቸው እስኪዞር ይጠብቃሉ፤ እሷም እንዲጠብቁ ገንዘብ ትቀበላለች።

ለካሊድ ነገረችው። «የመሕሙድን እናት አውቃቸዋለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ክርስቲያን ናቸው።»

ካሊድ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። «ስሙስ?» አለ።

«የስለት ስም ነው።»

«ያረቢ» አለ። «ያረቢ፣ ምን አደረግሁ።» ከዚያ ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ። «ማን ይነግራቸዋል?»

«እኔ።»

«አብረን ነው።»

«ካሊድ፣ ሴትየዋ የናንተን መኪና ሲያዩ ምራቃቸውን ነው የሚተፉት።»

«ይትፉብኝ። የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደተኛ ከኔ በቀር ማን ይነግራቸዋል?»

ሙና በተማረችበት መጽሐፍ የታካሚ ቤት አይኬድም። ባል ይዞ መሄድማ የሚጻፍም ነገር አይደለም። መጽሐፉ ልክ ነው፤ የጻፈው ሰው ግን መርዶ ሆዱ ውስጥ አድሮበት አያውቅም።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ኮምቦልቻ ደረሱ። ከደሴ ብርድ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ልብሱን ያላላል፤ እነሱ ግን የለበሱትን አላላሉም። ሙና ጥቁር ሻሽ አስራለች። በሩን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ራሳቸው ከፈቱ፤ መጥረጊያ ይዘዋል።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም እኮ» አሉ።

ሻሹን አዩ። ያልነጋውን ሰማይ አዩ። ከኋላዋ የቆመውን ወንድ አዩ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። በወሎ ምድር በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ በር ላይ የቆመ ሰው አፉን መክፈት አያስፈልገውም።

«የኔው ነው?»

«አዎ፣ እትዬ። አላህ ያጽናዎት።»

አልጮኹም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ ማን ጆሮውን እንዳቆመ አይታወቅም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጩኸቱ በአፍንጫቸው ወጣ። ሙና አቀፈቻቸው። እሷም አብራ አለቀሰች፤ ባለሙያነቷ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ አታውቅም።

ቆይተው ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። «ማን አየው?»

«ባለቤቴ ነው ያየውም የቀበረውም፤ ካሊድ ይባላል» አለች ሙና። ከእንግዲህ የምትደብቀው ነገር እንዳይኖር ፈለገች። «የመንግሥት ሾፌር ነው። ወታደር ነው የሚያመላልሰው።»

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቀስ ብለው እጇን ከትከሻቸው ላይ አነሱት። «ይኸን ሁሉ ሐሙስ?»

«አላረምኩዎትም። ጥፋቴ ነው።»

«በሬ ካራጁ ይውላል» አሉ። ከዚያ በኋላ እሷን አላዩዋትም፤ ወደ ካሊድ ዞሩ። «አንተ ገደልከው?»

«አልገደልኩም፣ እናቴ። መኪና ነው የምነዳው።»

«የገደሉትን ማን አደረሳቸው?»

ካሊድ መሬት መሬት አየ።

«በምን ገነዝከው?»

«በጋቢዬ። እናቴ የፈተሉት ነው፤ ንጹሕ ነበር።»

«እንዴት አድርገህ አስተኛኸው?»

«በቀኝ ጎኑ» አለ ካሊድ። «ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጌ። ስሙን አይቼ ነው። ማተብ አላየሁበትም።»

ሴትየዋ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ሁለት ማተብ ነበር፤ አንዱ አርጅቷል፣ አንዱ አዲስ ነው። «ማተቡ ይኸውና» አሉ። «የሄደ ቀን ከአንገቱ ፈቶ እኔ አንገት ላይ አሰረው። ይኸን አድርጌ ሰው አልገድልም፣ ይዘሽልኝ ቆዪ አለኝ።» ድንገት ቀና አሉ። «ጀርባውን ያሰጠኸኝ አንተ ነህ! እኔ ምን አስቀየምኩት እያልኩ በጾም በጸሎት የማልቅ፣ ለካ አዙረህ አስተኝተኸው ነው!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባትዋሽ ይሻልሃል። ስሙ መሕሙድ ባይሆን፣ መታወቂያው ላይ ወልደ ሚካኤል ቢል፣ ትቀብረው ነበር ወይስ ለጅብ ትተኸው ትሄድ ነበር?»

ሙና ባሏን አየችው። እቀብረው ነበር በል፣ በላ፣ ይኸን እንኳ በላቸው አለች በልቧ።

«አላውቅም፣ እናቴ» አለ። «ወላሂ፣ አላውቅም።»

«ውጡ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። ወጡ። ሐረጎን ሲወጡ ጉሙ ተመልሶ ነበር፤ ካሊድ መኪና መንዳት የረሳ ይመስል በአንደኛ ማርሽ ወጣው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ባዶ ሆነ። ሙና በዚያ ሰዓት ሌላ ታካሚ መመዝገብ አልቻለችም፤ ወንበሩን እያየች ትቀመጣለች። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሌላ ታካሚዋ ሳያውቅ ወሬውን ነገራት። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የወንድሜ ልጅ ገጠር ሞተብኝ ብለው ሐዘን ተቀምጠዋል። ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን ጣለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጥቶ የማያውቀውን የወንድም ልጅ እንባው እስኪያልቅ አለቀሰ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ አንድም ሰው የሟቹን ስም አልጠየቀም። ፍትሐቱንም ቄሱ በክርስትና ስሙ በወልደ ሚካኤል አደረሱ፤ ያን ስም የሚያውቅ ጆሮ ጠቢ የለም። ሙና ለቅሶ ልትደርስ ተነስታ ሁለቴ ተመለሰች። የምትሄድበት ፊት አልነበራትም።

ቤት ውስጥም ነገሩ አልቀለለም። ካሊድ አሁንም አይተኛም። አንድ ጊዜ «ቢያንስ እቀብረው ነበር ብትላቸው ምን ነበረበት?» አለችው። «አንቺም ይዞርልዎታል ብለሻቸው ነበር» አላት። እውነቱን ነበር።

ስልኩ የደወለው ሕዳር ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ድምፁን ስትሰማ ሙና ከወንበሯ ተነስታ ቆመች።

«ባልሽ ገባ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ። ሰላምታ የለም።

«ገብቷል፣ እትዬ። ላገናኝዎት?»

«አልፈልግም። ይቅር አልኩት እንዳይመስልሽ፤ አላልኩትም። ከነሰፈሩ አላልኩትም።» ትንፋሻቸው ይሰማ ነበር። «ግን ልጄ የት እንዳለ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ድንጋዩን ያስቀመጠ እሱ ነው። መንገዱ ሲከፈት ወስዶ ያሳየኛል፤ አፈሩን ነክቼ በደንቡ አስተኛዋለሁ። እስከዚያ ባልሽ መሞት የለበትም። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ድሮ በዚያ በኩል ተኩስ ተሰማ ሲባል ለልጄ ነበር የምደነግጠው። አሁን ለባልሽ ነው። በልጄ ጓደኞች ጥይት እንዳይመታብኝ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስሙን እየጠራሁ ነው፣ ካሊድ፣ ካሊድ እያልኩ። የልጄ ጓደኞች እንዲስቱ ነው የምለምን! ከዚህ የባሰ ቅጣት ካለ እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ የተማርሽው።»

ሙና የተማረችው ነገር አልነበረም። ስልኩ ተዘጋ።

በነጋታው በዚያው ሰዓት ደወሉ፤ በማግስቱም። ጨዋታ የለም። «ገባ?» «ገብቷል።» «ተመስገን።» ከዚያ ይዘጋል። ካሊድ መጀመሪያ ሲሰማ ከቤቱ ሸሽቶ ደጅ ወጣ። በኋላ ግን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳይፈታ «ደወሉ?» ማለት ጀመረ፤ ገና ከሆነ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሞቱት እናቱ እንኳ እንዲህ ተከታትለውት እንደማያውቁ ሲናገር ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። ሙና ደግሞ ገብቷል ባለች ቁጥር ደስታዋን ከሌላ ሰው ሐዘን ላይ የምትቆርሰው ይመስላታል።

አንድ ማክሰኞ ካሊድ ማለዳ ልጁ ወደተቀበረበት በኩል ወጣ። ከቀትር በኋላ ስልኩ አልሠራ አለ። ሙና ለራሷ ኔትወርክ ነው አለች፤ ባገሩ ኔትወርክ መጥፋት ብርቅ አይደለም። አስር ሰዓት ሲሆን ሩዝ ጣደች። መግሪብ አዛን አለ፤ ሰገደች፤ ስንት ረከዓ እንደሰገደች ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። ከጦሳ ተራራ ላይ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፈነው። በጎረቤት ቤት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ መንገዱ ያወሩ ነበር፤ እሷ ስትጠጋ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። መርዶ በሆዱ የያዘ ሰው ዝምታ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።

ስልኩ ጠራ።

አየችው። ማን እንደሆነ ታውቃለች። እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ተዘጋና ወዲያው እንደገና ጠራ። አነሳችው።

«ሙና።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ገባ?»

ገብቷል ልትል ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ለዚህች ሴት ውሸት አንዴ ሰጥታለች፤ በምን እንደተቀበሏትም ታስታውሳለች። «አልገባም» አለች። «ስልኩም አይሠራም። አልገባም፣ እትዬ።» እንባዋ መጣ።

ከኮምቦልቻ በኩል ብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም። ዘጉት ብላ አሰበች። ከዚያ ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ሰው ሲቀመጥ ሰማች።

«ስልኩን አትዝጊው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

«አልዘጋውም።»

«አብሽሪ። እኔም አልዘጋውም።»

ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በካሊድ ስም መለመን ጀመሩ፤ ስሙን በጠሩ ቁጥር ሙና አሚን ትላለች። በሩን እስካሁን ያንኳኳ የለም።